አጭሯ ምንሽር እና የቅዳሜ ዘይት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፤ ጧት 4 ሰዓት

የመወልወያው ጨርቅ ጠፍቶ ቤቱን ስበረብር አረፈድኩ። ተገኘ። የሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ! ማን እንዳስገባው እንጃ። በዚህ ቤት ከእኔና ከአባባ በቀር ሰው የለም፤ አባባ ደግሞ ዓይናቸው አያይም፣ ወጥ ቤትም አይገቡም።

ቅዳሜ የጠመንጃ ቀን ነው። ታውቂዋለሽ ደብተሬ፣ ስንት ቅዳሜ አማርሬብሻለሁ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጥፋለሁ፣ አጭሯን ምንሽር ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አወጣለሁ፣ አባባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ትእዛዝ ነው። ቃታውን ሳቢ። አውጪው። ስጪኝ። (ቃታ የሚሉት ያን ወደ ኋላ ተስቦ የሚመለሰውን ብረት ነው፤ ጥይት የሚያጎርሰውን።) ይቀበሉኝና በጣታቸው ይዳብሱታል፣ ያሸቱታል፣ ለግሜ ከሆነ ያውቁብኛል። ቀጥሎ አፈሙዙ፣ ሰደፉ፣ የቆዳ ማንገቻው። በሳምንት አንዴ ድምፃቸውን የምሰማው በዚህች ሰዓት ነው። ሌላውን ቀን፣ ዝም። ዓይናቸው ሲጠፋ የሱሉልታውን ቤት ዘግተን እኔ ጋ ሰበታ ካመጣናቸው ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ብቻ ሰው ይሆናሉ።

ጥይቶቹን መወልወል ግን የእኔ ፈጠራ ነው። አላዘዙኝም። ጠመንጃዋ አምራ እነሱ ዝገው ሲታዩ ያስጠላኛል። ከዝናሩ አንድ በአንድ አወጣና በስፌት መኪና ዘይት እሻቸዋለሁ፤ ወርቅ ነው የሚመስሉት። ዛሬ አንዷ ቂጧ ላይ ጎድጎድ ያለች ነገር አለባት። ቆሻሻ መስሎኝ ፈተግኳት፣ ፈተግኳት፣ አልለቅ አለች። ተውኳት። ከዝናሩ ማደሪያዎች አንዷ እንደ ወትሮዋ ባዶ ናት።

ታደሰ ደወለ። ወንድሜ፣ ታላቄ፣ ቡራዩ ተቀምጦ ምክር በስልክ የሚያድለው። ያው የተለመደው። ዘመኑ ከፍቷል፣ ዓይነ ስውር ሽማግሌና ብቸኛ ሴት ባለበት ቤት ጠመንጃ ምን ይሠራል፣ ፈቃድ ቢኖረው ሌባ ፈቃድ አይጠይቅም። አ.አ. ውስጥ የድሮ መሣሪያ የሚሰበስብ ሰው አግኝቷል፤ መስታወት ውስጥ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው አለኝ። መጀመሪያ ግን አዋቂ ሰው ይያት አለ።

ለአባባ ስነግራቸው ይጮሃሉ ብዬ ነበር። ምንሽሯ ለእሳቸው ምን እንደሆነች ታውቂያለሽና። በእኛ ወገን ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ከሬሳው ፊት ይወጣል፤ አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፍቶ፣ የበኩር ልጅ ተሸክሞት። አባባ ለአያቴ እንዲያ አድርገዋል፣ በዚችው ምንሽር። ጠመንጃው ሳይወጣለት የተቀበረ ወንድ እሳቸው ዘንድ ተጣለ እንጂ ተቀበረ አይባልም። ከሞት የሚፈሩት ይህን ብቻ ነው።

አልጮሁም። ትንሽ አሰቡና ሰውየው ይምጣ አሉ። ግን ጥይቶቹንም ይያቸው። ደህና መሆናቸውን ይንገረኝ አሉ።

ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነገር ፈለጉ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ቢሮ፣ ከምሳ በኋላ

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የፋብሪካው ቢሮ ደግሞ ፀሐይ የማያውቀው። የዕረፍት ፈቃድ ቅጽ እየደረደርኩ ነው፣ አለቃዬ ሲያልፍ ሥራ የያዝኩ እመስላለሁ።

የጨርቁ ነገር ትዝ አለኝ። ቅርጫት ውስጥ የወረወርኳት እኔው ነኝ! ባለፈው ሐሙስ። ከሥራ ስገባ አባባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ በዳበሳ፣ ጉንጫቸው ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ያን የክት ኮታቸውን ለብሰዋል። ጫማ አድርገዋል። ምንሽሯ አጠገባቸው ተኝታለች፣ ያቺ ዘይት የነካች ጨርቅ ደግሞ ንጹሕ አንሶላዬ ላይ! ተናደድኩ። ገና ሐሙስ ነው፣ ምን አስቸኮለዎት አልኳቸው። ከዚያ ኮቱን ሳየው ሳቄ መጣ፤ አባባ፣ የት ሊዳሩ ነው አልኩ። ጠመንጃዋን ወደ ቦታዋ መለስኩ፣ ጨርቋን አንጠልጥዬ ወጣሁ፣ እንግዲህ ያኔ ነው።

ምሳቸውን አሁንም አልበሉም። የምታጎርሳቸው ጎረቤታችን ጫልቱ ናት፣ አንድ ቀን እንኳ የማታጉረመርም ሴት። ደውላ ሁለት ጉርሻ ብቻ አለችኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ከሥራ መልስ

የኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ እያቃጠለ ነው፣ መስኮት ዘግቼም ያስለኛል። በሽታ ይውጣ ነው ነገሩ። የእኛ ቤቱ በሽታ ግን በጭስ የሚወጣ አይደለም።

አባባ ነገ ሰውየው መምጣቱ እርግጥ ነው ወይ ሲሉ ሦስቴ ጠየቁኝ። ጢማቸውን እኔ ላጨኋቸው። ፊታቸው ሲያንስ፣ ሲያንስ። ዘወር ብዬ አፍንጫዬን ተናፈጥኩ፤ ምን ሆንሽ አሉኝ፣ ጭሱ ነው አልኩ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ አመሻሽ

ፊደሌ ካልተነበበ ይቅር በይኝ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ታደሰ ያመጣቸው ሰው ኦቦ ገመቹ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የጦር መሣሪያ ጠጋኝ፤ ቤታቸው ሱሉልታ፣ ከእኛ ከድሮው ቤት በላይ ካለው ዳገት። ገና ከበሩ በኦሮምኛ አካም ጂርቱ ብለው ሰላም ሲሉ አባባ ቀና አሉ፣ መለሱላቸው፣ ከዚያ ያ ወንዝ፣ ያ ዋርካ፣ እገሌ ሞተ፣ እገሌ አለ። ታደሰና እኔ ተረሳን።

ኦቦ ገመቹ ጠመንጃዋን ሳይነኩ መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ። ወደድኳቸው። ከዚያ ተቀበሉኝ፣ ቃታውን ስበው ባዶ መሆኗን አዩ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዟት። ያ ዋቃ! አሉ። አምላኬ ማለታቸው ነው።

አጭር ቤልጅግ ናት አሉ በኋላ፣ የቤልጅግ አገር ሥራ ምንሽር። የፈረሰኛ። ለዚህ ነው ቁመቷ ያጠረው፣ ለዚህ ነው ማንገቻዋ በጎኗ የሆነው፣ ፈረስ ላይ ጀርባ እንዳትወጋ። በርሜሉ ከሚገባበት ላይ ያለችውን ምልክት አሳዩኝ፤ ዘውድ የደፋ አንበሳ። ሦስት ዓመት ስወለውለው ውሻ ነበር የሚመስለኝ! ታደሰ ሳቀብኝ። ቃታዋ ላይ፣ አካሏ ላይ፣ የሰደፏ ብረት ላይ ያሉትን ቁጥሮች በማጉያ መነጽር አነበቡ። አንድ ናቸው። ከተሠራች ጀምሮ አካሏ ያልተለዋወጠ፣ ተጋብተው ያልተፋቱ ናቸው አሉ። እኔ የተፋታሁት ሴትዮ ከልቤ ሳቅሁ። እንጨቷ ላይ ጉንጭ የበላው ለስላሳ ቦታ አለ፤ እጄን ወስደው አስነኩኝ። የአያቴ ጉንጭ። ከዚያ ቃታውን አውጥተው በርሜሉን ወደ ሰማይ አቀኑና እዪ አሉኝ። አየሁ። ውስጡ የተጠማዘዙ መስመሮች፣ ብርሃኑ ቀለበት በቀለበት እየሆነ ይሄዳል። ስንት ዓመት ዘንግ ሳስገባበት አንድ ቀን አጎንብሼ አላየሁም። እንዲህ ያማረ ነገር ቤቴ ውስጥ!

የሚያዩትን ሁሉ ለአባባ ይነግሯቸዋል፣ አባባ በጣታቸው ይከተላሉ። ማነጣጠሪያዋ ላይ ኦቦ ገመቹ ተሳሳቱ፣ አባባ አረሟቸው። ሁለቱም ሳቁ። የአባባን ሳቅ እማማ ከሞተች ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ከዚያ አባባ ጥይቶቹስ አሉ።

ዝናሩን በኩራት አቀረብኩ። ኦቦ ገመቹ አንዷን አወጡ፣ በጣታቸው አሹ፣ አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ። እነዚህን ዘይት የሚቀባ ማነው? እኔ ነኛ! በየቅዳሜው! ወይ ልጄ፣ ገድለሻቸዋል አሉ። ጥይት ዘይት አይወድም፤ ቀስ ብሎ በቂጡ ይገባል፣ እሳቱን ያጠፋዋል። አንዳቸውም አይተኩሱም። ታደሰ ምን ቢል ጥሩ ነው? አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባባ ግን አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ ኦቦ ገመቹ አዙረው፣ በጣም በዝግታ፣ ሌላ ይገኛል ወይ አሉ። ሰውየው ሊያጽናኗቸው፣ ይገኛል እንጂ፣ ፈልጌ አመጣልዎታለሁ አሉ። እያሉም የቀሩትን እያወጡ ያያሉ። ከዚያ አንዷ ላይ ቆሙ። ገለበጧት። አባባን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጥይቷን ኪሳቸው ከተቱ፣ መሄድ አለብኝ አሉ።

እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው። ታደሰ መኪና ሊያዞር ሄደ። አወጧትና ቂጧን አሳዩኝ። ያቺ የፈተግኳት ጎድጓዳ።

ቆሻሻ አይደለም። የመምቻው መርፌ ያረፈበት ነው አሉኝ። ቃታ ተስቦባታል፣ ምላጭ ተስቦባታል፣ ከሽፋለች። ምልክቱ አዲስ ነው፣ ናሱ ገና አልጠቆረም። ቤት ውስጥ ሌላ ጠመንጃ የሚይዝ ሰው አለ?

የለም አልኩ። የሐሙሱ ኮት፣ ጫማው፣ የተቆረጠው ጉንጭ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። የት ሊዳሩ ነው ብዬ የሳቅሁት። አጥሩን ያዝኩ። ኦቦ ገመቹ ጥይት አላመጣም፣ ምያለሁ፣ ዋቅ ይቅር ይበለኝ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ሳይደግስ አይጣላም ይላሉ። ድግሱ የእኔ አላዋቂነት ነበር።


እሑድ፣ ኅዳር 14፤ ከቅዳሴ መልስ

ምንሽሯ እኔ አልጋ ሥር ናት። ለታደሰ ነገርኩት። ጮኸ፣ ከዚያ አለቀሰ። የሚቀጥለው እሑድ መጥቼ ለሰብሳቢው እወስዳታለሁ፣ አለቀ አለ። እኔም እሺ አልኩ። ምን ልበል?

አባባ ምንም እንዳልተፈጠረ ተቀምጠዋል። ጠመንጃዋ ከቦታዋ አለመኖሯን ግን አውቀዋል። ግድግዳውን ሲዳብሱ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬም ሥራ አልገባሁም። ታመምኩ ብያለሁ፣ ውሸትም አይደለም።

ጠየቅኳቸው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። አባባ፣ ሐሙስ ለት ምን ሊያደርጉ ነበር?

አልካዱም። ሰለቸኝ አሉ። ሱሉልታ እያለሁ ባላይም ደጄን በእግሬ አውቀው ነበር፣ እዚህ የማውቀው ግድግዳ ብቻ ነው አሉ። እንደ ሕፃን እጎርሳለሁ። አንቺም በእኔ ምክንያት አረጀሽ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም፤ የእኔ ነው የተንቀጠቀጠው። በቁጣ።

ለቅሶውስ አልኳቸው። ያ ዕድሜ ልክዎን የሚመኙት! በገዛ ጠመንጃው የሞተ ሰው ፍትሐት የለው፣ ሰልፍ የለው። ያቺን ምንሽር ማን ይሸከማታል? ታደሰ? በየትኛው ትከሻው?

አስቤበታለሁ አሉ። ዓይነ ስውር ሰው ሲወለውል ባረቀበት ይላሉ። ለዚህ ነው ጨርቋን አጠገቤ ያደረግኋት።

ጨርቋ! እኔ በአንሶላዬ የተጣላኋት ጨርቅ! ታዲያ ያን በር መጀመሪያ የሚከፍተው ማን ነበር አባባ አልኩ። ጫልቱ ናት ወይስ እኔ?

ይህን አላሰቡትም ነበር። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ፤ ባዶ ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እኔን የሚፈልግ መሰለኝ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ጉልበታቸው ላይ አለቀስኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

በመጨረሻ፣ ለምን ቀባሻቸው አሉኝ። እንዲያምሩ ነዋ አልኩ። ያምራሉ? አሉኝ። እንደ ወርቅ አልኳቸው።


ሐሙስ፣ ኅዳር 18፤ ቢሮ

ገባሁ። ጫልቱ ቀኑን ሙሉ ከእሳቸው ጋር ናት፣ ነገርኳት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ኦቦ ገመቹ ደወሉ። ቃታዋን ብቻ ከእሳቸው አርቂ፣ ያለሷ ጠመንጃ እንጨት ነው አሉኝ። ታደሰ ደግሞ ለሰብሳቢው ነግሬዋለሁ፣ እሑድ አዘጋጂያት ይላል።

ብትሄድ ሰላም እናገኛለን። ብትሄድ ግን አባባ በቁማቸው ተቀበሩ ማለት ነው። ቅዳሜስ ምን ይሆናል? ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም አዝንላታለሁ። ገና አሁን አየኋት።

ምሳ ዕቃዬን ሳልከፍተው መለስኩት።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 20፤ ከቀትር በኋላ

ጋዜጣ አነጠፍኩ። ከአልጋዬ ሥር አወጣኋት። አባባ ድምፁን ሲሰሙ ቀና አሉ፣ ወደ አልጋቸው ጫፍ ተጠጉ። ትእዛዝ አልሰጡም። እኔው ቃታውን ሳብኩ፣ አወጣሁ፣ እጃቸው ላይ አደረግኩ። ዳበሱት። አሸተቱት። አልመለሱልኝም።

ያኔ ወሰንኩ፤ እዚያው፣ ዘይቱን እንደያዝኩ። ነገርኳቸው። ምንሽሯ የትም አትሄድም፣ ለታደሰ እኔ እነግረዋለሁ። ቀኑ ሲደርስ አፈሙዟን ደፍቶ ይሸከማታል፣ እምቢ ካለ እኔ እሸከማታለሁ፣ ሴት ተሸከመች ይበሉ። ቃታው ግን ከሰኞ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከምሳ ዕቃዬ ጋር፣ ፋብሪካ ይውላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።

ስልብ ጠመንጃ ታቅፌ ልዋል ወይ ብለው እንዲቆጡ ጠበቅሁ። ቃታውን ጨበጥ አድርገው ቆዩ፣ ከዚያ መዳፌን ፈልገው አስቀመጡልኝ። ከባድ ነው ለካ።

ዝናሩን ሳብኩ። ጥይቶቹን ማውጣት ጀመርኩ። ሙት ናቸው፣ አውቃለሁ፤ ኦቦ ገመቹም ይቅር ብለውኛል። ግን ቅዳሜ ነው። ጠርሙሱን ከፈትኩ፣ ጨርቋን አራስኩ፣ አንድ በአንድ ቀባሁ። ሽታው ቤቱን ሞላው። አባባ ያዳምጣሉ።

ጨረስኩ ስል እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። አንድ ነገር አወጡ። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

ጥይት። የጠቆረች፣ ደረቅ፣ ጨርቅ ነክቷት የማታውቅ። ያቺ የዝናሩ ባዶ ማደሪያ፣ ሁልጊዜ ባዶ የነበረችው። ከአያቴ የቀረች ናት አሉ፣ ኪሳቸው ውስጥ የኖረች። የዚያን ሐሙስም ኮቱ ውስጥ ነበረች። እጃቸው ወደ ዝናሩ ሄደ እንጂ ወደ ኪሳቸው አልሄደም። ሰውየው ከመጣ ጀምሮ ደግሞ በዚህ ቤት ዘይት ያልነካት እሷ ብቻ መሆኗን አውቀዋል፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ እኔ ሁሉም ሙት ናቸው ብዬ ስተኛ።

አልተነሣሁም፣ አልጮህኩም።

«ይቺንም ቀቢያት» አሉኝ።

ተቀበልኳቸው። ቀባኋት። ጠርሙሱን ገልብጬ፣ እስኪንጠባጠብ፣ ቂጧን ደጋግሜ እያራስኩ።